የጨቅላ ሕፃን እትብት በክሎርሄክሲዲን ጄል እንዴት ይቀባል? ከመጀመሪያው እስከ ሰባተኛው ቀን

ከወለዱ በኋላ ወደ ቤታቸው የሚመለሱ እናቶች፣ አብረዋቸው የሚመጡ ባሎችና አያቶች ደጋግመው የሚያነሡት ጥያቄ «እትብቱን ምን እንቀባው?» የሚል ነው። መልሱ በር ላይ ቆሞ ተነግሮ የሚያልቅ ስላልሆነና ዝርዝሩ ላይ መሳሳት ሕፃኑን ስለሚጎዳ፣ ከዚህ በታች በቅደም ተከተል ተጽፏል። መመሪያው የሚመለከተው በቱቦ የሚሰጠውን የእትብት ክሎርሄክሲዲን ጄል፣ ማለትም ባክቴሪያ የሚገድለውን የእትብት ቅባት፣ ብቻ ነው።

ጄሉ ለልጅዎ ያስፈልጋል?

የእያንዳንዱ ሕፃን እትብት መቀባት የለበትም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2014 እ.ኤ.አ. ጄሉን የመከረው ብዙ ጨቅላዎች በሚሞቱባቸው አካባቢዎች በቤት ውስጥ ለሚወለዱ ሕፃናት ነበር። በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ደግሞ ዋናው እንክብካቤ እትብቱን ንጹሕና ደረቅ አድርጎ መያዝ መሆኑን ገልጾ፣ ክሎርሄክሲዲን በመጀመሪያው ሳምንት በየቀኑ እንዲቀባ የሚመከረው እንደ እበት ያሉ ጎጂ ነገሮችን እትብት ላይ ማድረግ በተለመደባቸው ቦታዎች እንደሆነ አስቀምጧል።

ስለዚህ ሕፃኑ በጤና ተቋም ተወልዶ፣ ጄል ካልተሰጠዎትና በቤትዎ እትብቱን ማንም ምንም የማይቀባው ከሆነ፣ ንጽሕናውንና ደረቅነቱን መጠበቅ ይበቃል። ሕፃኑ ቤት ውስጥ ከተወለደ፣ ወይም በአካባቢዎ ቅቤ፣ እበት፣ አመድ ወይም ቫዝሊን መቀባት የተለመደ ከሆነ፣ ወይም አዋላጇ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጄሉን ከሰጠችዎት፣ በዚህ መመሪያ መሠረት ይጠቀሙበት። ሕፃኑ ያለ ወሩ ከተወለደ ወይም ክብደቱ ከ2,500 ግራም በታች ከሆነ ቆዳው ስስ ስለሆነ፣ ከመጀመርዎ በፊት ባለሙያ ያማክሩ። አሜሪካ፣ አውሮፓ ወይም እስራኤል ለወለደች እህት ወይም ልጅ ጄሉን ከአገር ቤት መላክ አያስፈልግም፤ እዚያ የሚሰጠው ምክር በአብዛኛው ደረቅ እንክብካቤ ስለሆነ የሕፃኑን ሐኪም ትጠይቅ።

ጄሉ ምን ይሠራል፣ ምንስ አይሠራም?

እትብቱ ሲቆረጥ በሕፃኑ ሆድ ላይ የሚቀረው ቁራጭ ደም ስለማይደርሰው እየሞተ የሚሄድ ሥጋ ነው። ደርቆ እስኪወድቅ ድረስ ግን እርጥበት አለው፤ እርጥብና ደም የማይደርሰው ሥጋ ደግሞ ለባክቴሪያ ምቹ መራቢያ ነው። በእትብቱ ውስጥ የነበሩት ሦስት የደም ሥሮች ሙሉ በሙሉ እስኪዘጉ ቀናት ይወስድባቸዋል፤ ከመካከላቸው አንደኛው በቀጥታ ወደ ጉበት የሚያመራ በመሆኑ፣ በእትብት በኩል የገባ ባክቴሪያ ደም ውስጥ ለመድረስ ብዙ መጓዝ አይጠበቅበትም። ክሎርሄክሲዲን ቆዳው ላይ የሚያገኘውን ባክቴሪያ ይገድላል፤ ከተቀባ በኋላም ለሰዓታት ቆዳው ላይ ተጣብቆ ስለሚቆይ በቀን አንድ ጊዜ መቀባቱ ይበቃል።

ይሁን እንጂ ጄሉ በአፈርና በእበት ውስጥ ተደብቀው የሚቆዩትን የመንጋጋ ቆልፍ ተሕዋስያን ጠንካራ ዘሮች አይገድልም። «ጄሉን ስለቀባን ቅቤም እናድርግበት፣ ምን ይጎዳል?» ለሚሉ ሰዎች መልሱ ይኸው ነው፤ ጄሉ ከላዩ የተደረገውን ቆሻሻ ንጹሕ አያደርገውም። ከመንጋጋ ቆልፍ የሚከላከለው እናቲቱ በእርግዝና ጊዜ የምትወስደው የቲታነስ ክትባትና እትብቱ በንጹሕ መሣሪያ መቆረጡ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የእትብት ክሎርሄክሲዲን ጄል፤ ቱቦው ያልተቀደደና የአገልግሎት ጊዜው ያላለፈ መሆን አለበት
- ሳሙናና ንጹሕ ውኃ፤ ቧንቧ ከሌለ ውኃውን ከጆግ የሚያፈስልዎ ሰው
- ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ በንጹሕ ዕቃ፤ የሚያስፈልገው እትብቱ በሽንት ወይም በዓይነ ምድር ከቆሸሸ ብቻ ነው
- ሁለት ታጥበው ፀሐይ ላይ የደረቁ ለስላሳ ጨርቆች
- ንጹሕ የሽንት ጨርቅ ወይም ዳይፐር
- በቂ ብርሃን፤ ክፍሉ ጨለማ ከሆነ የስልክ መብራት ያገለግላል
- ቀኑን የሚያመለክቱበት ወረቀትና እስክሪብቶ
- ከተቻለ የሕፃኑን እጆች የሚይዝ አንድ ረዳት

በቱቦው ላይ የሚታየው ቁጥር ብዙ ሰው ያደናግራል። አንዳንዱ ቱቦ «ክሎርሄክሲዲን ዳይግሉኮኔት 7.1 በመቶ» ይላል፤ ሌላው «ክሎርሄክሲዲን 4 በመቶ» ይላል። ሁለቱም አንድ ናቸው፤ የመጀመሪያው ዳይግሉኮኔት የተባለውን ሙሉ ውህድ መጠን፣ ሁለተኛው በውስጡ ያለውን የመድኃኒቱን መጠን ብቻ ይናገራል። ጽሑፉ በእንግሊዝኛ ስለሚሆን ማንበብ የሚችል የቤተሰብ አባል እንዲያረጋግጥልዎ ያድርጉ። ለቀዶ ሕክምና እጅ መታጠቢያ የሚሆነው ሳሙናማ ክሎርሄክሲዲን፣ ተበጥብጦ ለዕቃ ማጽጃ የሚውለው 20 በመቶ፣ ሳቭሎንና ዴቶል ይህን ጄል አይተኩም፤ የጨቅላ ቆዳ ሊያቃጥሉ ይችላሉ።

ደረጃ በደረጃ

1. ክፍሉን ያሙቁ፣ መስኮትና በር ይዝጉ። ጨቅላ ሕፃን ሆዱ ሲገለጥ ሙቀቱን በፍጥነት ያጣል፤ የሰውነት ሙቀት መውረድ ራሱ ለበሽታ ያጋልጠዋል። ከሆዱ በስተቀር ሌላው አካሉ፣ ራሱም ጭምር፣ እንደተሸፈነ ይቆይ።

2. ቱቦውን በብርሃን ያንብቡ። ይህን በየቀኑ ያድርጉት፤ ትናንት ትክክል ስለነበረ ዛሬም ትክክል ነው ብለው አይለፉት። ሕፃኑ እንደተወለደ ዓይኑ ላይ የሚደረግለት ቴትራሳይክሊን፣ በተለምዶ ቲቲሲ የሚባለው የዓይን ቅባት፣ እንዲሁ በትንሽ ቱቦ ይመጣል። ሁለቱ ቱቦዎች አንድ ላስቲክ ውስጥ ከተቀመጡ፣ በሌሊት በደበዘዘ ብርሃን መለየት ያስቸግራል።

3. ቀለበትና አምባር አውልቀው እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። መዳፍዎን፣ የእጅዎን ጀርባ፣ በጣቶች መካከል፣ አውራ ጣትዎንና ከጥፍር ሥር እያሹ ሳሙናውን ቢያንስ ለ20 ሴኮንድ ያቆዩትና በሚፈስ ውኃ ያለቅልቁ። ከዚያ እጅዎን አየር ላይ ያድርቁ፣ ወይም በአንደኛው ንጹሕ ጨርቅ ያብሱ። እጅን በደንብ ታጥቦ በነጠላ ጫፍ ወይም በቀሚስ ማበስ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል፤ እንዲህ ከሆነ መታጠቡ ትርጉም አይኖረውም፣ ምክንያቱም ነጠላው ቀኑን ሙሉ ወጥ ቤትም ደጅም የዋለ ነው።

4. ከመቀባትዎ በፊት እትብቱን ይመልከቱ። ጄሉ ከተቀባ በኋላ ቆዳው ስለሚያብረቀርቅ መቅላትና ፈሳሽ በደንብ አይታይም። የሚመለከቱት ሦስት ነገሮች ናቸው፤ ማሰሪያው ወይም መቆንጠጫው እንዳልላላና ደም እንደማያወጣ፣ ከእትብቱ ሥር ያለው ቆዳ እንዳልቀላ ወይም እንዳላበጠ፣ መግልና መጥፎ ሽታ እንደሌለ። ቁራጩ በመጀመሪያው ቀን ነጣ ያለና እርጥብ ሆኖ ቀስ በቀስ ወደ ቡናማና ጥቁር እየተለወጠ መጨማደዱ ጤናማ ነው። ደም የሚፈስ ከሆነ ጄሉን ትተው በንጹሕ ጨርቅ ጫን አድርገው ይዘው ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ።

5. የቆሸሸ ከሆነ ብቻ ያጽዱት። ሁለተኛውን ጨርቅ ፈልቶ በቀዘቀዘው ውኃ ነክረው ቆሻሻውን ከእትብቱ ሥር ወደ ውጭ እየጠረጉ ያንሡ፤ ከዚያ ሳያሹ እየነካኩ ያድርቁት። ንጹሕ ከሆነ ይህን ደረጃ ይለፉት፤ ያለ ምክንያት ማርጠብ የመድረቂያ ጊዜውን ያራዝማል።

6. ረዳትዎ የሕፃኑን ሁለት እጆች በቀስታ ይያዝ። ጨቅላ ሕፃን እጁን ሆዱ ላይ ያሳርፋል፣ ወዲያውም ወደ ፊቱ ይወስዳል፤ ጄሉ ወደ ዓይን የሚደርስበት አንዱ መንገድ ይኸው ነው። አያት ቅቤ ካልተቀባ ብለው ቅር የሚላቸው ከሆነ ይህን ሥራ ለእርሳቸው ይስጡ፤ ሥራው በእርግጥ አስፈላጊ ነው፣ እርሳቸውም ከእንክብካቤው አልተገለሉም።

7. የቱቦውን አፍ ሕፃኑን ሳያስነኩ ጄሉን በታጠበው አመልካች ጣትዎ ላይ ያውጡና ይቀቡ። ቅደም ተከተሉ ከላይ ወደ ታች ነው። መጀመሪያ የተቆረጠውን ጫፍ፣ ቀጥሎ የቁራጩን ዙሪያ ከማሰሪያው ወይም ከመቆንጠጫው ጋር፣ በመጨረሻም እትብቱ ከሆዱ ጋር የሚገናኝበትን ሥር። ዋናው ቦታ ሥሩ ነው። ብዙ ሰው ጫፉን ብቻ ቀብቶ ይተዋል፤ ኢንፌክሽን በአብዛኛው የሚጀምረው ግን እርጥበት በሚቋጠርበት በዚያ ጎድጓዳ ነው። ቁራጩን በሁለተኛው እጅዎ ሳይጎትቱ በትንሹ ወደ አንድ ጎን ዘንበል አድርገው ከሥሩ ያዳርሱ፣ ከዚያ ወደ ሌላው ጎን ዘንበል አድርገው ይድገሙ። በዙሪያው ያለውን ቆዳም ሁለት ጣት ያህል ስፋት በስሱ ይቀቡ። ስስ ሽፋን ይበቃል፤ ተከምሮ የሚታይ ጄል ልብስ ላይ ይቀራል እንጂ ተጨማሪ ጥቅም የለውም።

8. አየር ላይ ለጥቂት ደቂቃ ይድረቅ። አይጥረጉት፣ በአፍዎም እፍ አይበሉበት፤ ከአፍ የሚወጣ ትንፋሽና ምራቅ የራሱን ባክቴሪያ ይዞ ይመጣል። እስኪደርቅ ድረስ የሕፃኑ እጅ እንደተያዘ ይቆይ።

9. የሽንት ጨርቁን ወይም ዳይፐሩን ከእትብቱ በታች አጥፈው ያስሩ። እትብቱ ከሽንት ውጭ ሆኖ አየር ማግኘት አለበት። ሆዱን በመቀነት ወይም በፋሻ ጠበቅ አድርጎ መጠቅለል እትብቱን አይጠብቀውም፤ ሙቀትና እርጥበት ይዞ ያቆየዋል። ከላይ ሰፋ ያለ ንጹሕ ልብስ ያልብሱት።

10. ወዲያውኑ እጅዎን እንደገና በሳሙና ይታጠቡ። ይህ መታጠብ ለሕፃኑ ዓይን ነው፤ ጣትዎ ላይ የቀረ ጄል ፊቱን ሲያብሱለት ወይም ሲያጠቡት ዓይኑ ሊገባ ይችላል።

11. ክዳኑን ገጥመው፣ ወረቀቱ ላይ የዛሬን ቀን አመልክተው ቱቦውን ከልጆች እጅ ርቆ ከፍ ያለ ቦታ ያስቀምጡ። ከዓይን ቅባት፣ ከዓይን ጠብታና ከማንኛውም ሌላ ቱቦ ጋር አንድ ላይ አያድርጉት።

የመጀመሪያው መቀባት እትብቱ በተቆረጠበት ዕለት፣ ከተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ይሁን፤ በጤና ተቋም ከወለዱ ብዙውን ጊዜ አዋላጇ ትቀባዋለች፣ ስለዚህ «ዛሬ ተቀብቷል?» ብለው ይጠይቁ። ከዚያ በኋላ በቀን አንድ ጊዜ፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ እስከ ሰባተኛው ቀን ይቀጥሉ። አንድ ቀን ቢረሱ በማግሥቱ ሁለት ጊዜ አይቀቡ፤ እንደወትሮው አንድ ጊዜ ብቻ ይቀጥሉ። እትብቱ ከሰባት ቀን በፊት ከወደቀ፣ መቀጠል እንዳለብዎ ጄሉን የሰጠዎትን ባለሙያ ይጠይቁ።

ማስጠንቀቂያ፦ ዓይን

ጄሉ ወይም በጠርሙስ የሚመጣው የእትብት ክሎርሄክሲዲን ፈሳሽ በስሕተት እንደ ዓይን መድኃኒት ተደርጎ ዓይናቸው የተጎዳ ሕፃናት እንዳሉ ከተለያዩ አገሮች በተደጋጋሚ ሪፖርት ተደርጓል፤ ጉዳቱም እስከ ዓይነ ስውርነት ሊያደርስ ይችላል። ፈሳሹ በጠብታ ጠርሙስ ሲመጣ የዓይን ጠብታ ስለሚመስል፣ ከጄሉ ይበልጥ ለስሕተት ይጋብዛል። ቱቦውን ወይም ጠርሙሱን ለጎረቤት ወይም ለሌላ ሕፃን አያስተላልፉ፤ ማብራሪያው ሳይኖር ዕቃው ብቻ ሲዞር አደጋው ይጨምራል።

ዓይን ውስጥ ከገባ፣ ሰው እስኪመጣ ሳይጠብቁ በብዙ ንጹሕ ውኃ ወዲያው ማጠብ ይጀምሩ። የሕፃኑን ራስ የተጎዳው ዓይን ወደ ታች እንዲሆን አዘንብለው፣ ቆቡን በቀስታ ከፍተው፣ ውኃውን ከአፍንጫው በኩል ወደ ውጭ በዝግታ ያፍስሱ። ለ15 ደቂቃ ያህል ካጠቡ በኋላ ዓይኑ ደህና ቢመስልም ሳያድሩ ወደ ጤና ተቋም ይውሰዱት። የእናት ወተት፣ ሻይ ወይም ሌላ የዓይን ቅባት አይጨምሩበት።

ጄሉ ወደ ጆሮና ወደ አፍም መግባት የለበትም። የተቀባው ቆዳ ሽፍ ካለ፣ ካበጠ ወይም ከቆሰለ መቀባቱን ያቁሙና ለባለሙያ ያሳዩ።

በተደጋጋሚ የሚታዩ ስሕተቶች

*ገላውን ሁሉ በክሎርሄክሲዲን ማጠብ ወይም መቀባት።* «ለእትብቱ ከጠቀመ ለገላውም ይጠቅማል» የሚለው አስተሳሰብ ከቅን ልብ የመጣ ቢሆንም፣ ቤት ውስጥ ላለ ጤነኛ ሕፃን አይመከርም። መላ ገላውን ማርጠብ ያበርደዋል፤ ሲወለድ ቆዳው ላይ ያለው ነጭ ቅባት መሰል ነገርም ቆዳውን የሚጠብቅ ስለሆነ ተፍቆ መወገድ የለበትም። የመጀመሪያው ገላ መታጠብ ከተወለደ ከ24 ሰዓት በኋላ ይሁን፤ ከዚያም በኋላ ለብ ያለ ውኃ ይበቃል። ገላው በሚታጠብበት ቀን መጀመሪያ ያጥቡት፣ እትብቱን ያድርቁ፣ ከዚያ ጄሉን ይቀቡ፤ ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ጄሉ በውኃው ይሄዳል።

*እትብቱ ቶሎ እንዲወድቅ መቸኮል።* እትብት በአብዛኛው ከ5 እስከ 15 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይወድቃል፤ ክሎርሄክሲዲን ሲቀባ አንድ ሁለት ቀን ሊዘገይ ይችላል። ይህ መድኃኒቱ አልሠራም ማለት አይደለም፤ ቁራጩን ከሥሩ የሚያላቅቁት ሂደቶች ውስጥ ባክቴሪያም ድርሻ ስላለው፣ ባክቴሪያው ሲቀንስ መላቀቁም ትንሽ ይዘገያል። ቅቤ የሚቀባውም ብዙ ጊዜ ለዚህ ችኮላ ሲባል ነው። በክር ተንጠልጥሎ የቀረ ቢመስልም አይጎትቱት፤ ሊደማ ይችላል። ሦስት ሳምንት አልፎት ካልወደቀ ለባለሙያ ያሳዩ።

*ሌላ መድኃኒት መደረብ።* አልኮል፣ ቤታዲን፣ የአንቲባዮቲክ ዱቄትና ጄንሺያን ቫዮሌት የሚባለው ሐምራዊ መድኃኒት ከጄሉ ጋር ተደርበው አይቀቡም። ቤታዲን ውስጥ ያለው አዮዲን በጨቅላ ቆዳ ሰርጎ የእንቅርት ዕጢን ሥራ ሊያውክ ይችላል፤ ባለቀለሙ መድኃኒት ደግሞ መቅላትን ይሸፍናል።

*ከሰባተኛው ቀን በኋላ መቀጠል።* ቱቦው ውስጥ የተረፈ ቢኖርም ሥራው አልቋል። የተረፈውን ለቁስል፣ ለሽፍታ ወይም ለሚቀጥለው ልጅ አያስቀምጡ፤ ክዳኑን ገጥመው ልጆች በማያገኙት ሁኔታ ያስወግዱት። እትብቱ ገና ካልወደቀ ንጹሕና ደረቅ አድርጎ መያዝ ይቀጥላል። ከወደቀ በኋላ ለጥቂት ቀናት ትንሽ እርጥበትና ጠብታ ደም ቢታይ አያስደነግጥም፤ በእምብርቱ ውስጥ ሮዝ መልክ ያለው እርጥብ ሥጋ ቀርቶ ካልደረቀ ግን ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።

ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም የሚወስዱ ምልክቶች

ጄሉ ኢንፌክሽንን የሚከላከል እንጂ የጀመረን ኢንፌክሽን የሚያድን አይደለም። ከሚከተሉት አንዱ እንኳን ከታየ ተጨማሪ ጄል በመቀባት ጊዜ አያጥፉ።

- ከእትብቱ ሥር ወደ ሆድ ቆዳ የሚሰፋ መቅላት፣ እብጠት፣ መግል ወይም መጥፎ ሽታ
- ቆዳው ላይ መግል የቋጠሩ ብጉሮች
- በብብት ሲለካ 37.5 ዲግሪ ሴልሲየስና ከዚያ በላይ የሆነ ትኩሳት፣ ወይም ከ35.5 በታች የወረደ ሙቀት፤ ቴርሞሜትር ከሌለ ከወትሮው በተለየ የሚሞቅ ወይም እግሩም ሆዱም የቀዘቀዘ ሕፃን
- መጥባት ማቆም ወይም በደንብ አለመጥባት
- በደቂቃ 60 እና ከዚያ በላይ መተንፈስ፤ ሕፃኑ ጸጥ ባለበት ሰዓት ሙሉ አንድ ደቂቃ ይቁጠሩ፣ ከበዛ አንድ ጊዜ ደግመው ይቁጠሩ
- ሲተነፍስ ከጎድን አጥንቱ በታች ወደ ውስጥ መግባት
- ማንቀጥቀጥ፣ የሰውነት መገተር ወይም አፉን መክፈት አለመቻል
- ሲነካ እንኳን አለመንቀሳቀስ

በጨቅላ ዕድሜ ኢንፌክሽን በሰዓታት ውስጥ ሊባባስ ስለሚችል፣ ሌሊት ቢሆንም እስኪነጋ አይጠብቁ። ሲጓዙ ሕፃኑን ከእናቱ ደረት ጋር ቆዳ ለቆዳ አጣብቀው ከላይ ይሸፍኑት፤ መጥባት የሚችል ከሆነም በየመንገዱ ይጥባ። የጄሉን ቱቦና ቀኖቹን ያመለከቱበትን ወረቀት ይዘው ይሂዱ፤ የሚቀበልዎ ባለሙያ ምን እንደተቀባና መቼ እንደተቀባ በመጀመሪያ የሚጠይቅዎት ነገር ነው።